አንደኛ ክፍል ለተመደባችሁ አዲስ መምህራን፦ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥር የሚሠራው ሥራ

በመጀመሪያ ዓመቴ ኅዳር ላይ ክፍሌ ጥሩ እያነበበ ነው ብዬ አምን ነበር። ሰሌዳውን በመጠቆሚያ እንጨት ስነካ ስልሳ ልጅ ባንድ ድምፅ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» ይላል፤ ድምፁ ቢሮ ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን ከፊት የምትቀመጠውን፣ ከሁሉም ጮክ ብላ የምትለውን ልጅ መጽሐፏን ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ እንድትመጣ ጠራኋት። ገጹን ሳትደናቀፍ ተወጣችው። ጣቷን ሳየው ግን አፏ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቷ ገና ሁለተኛው ላይ ነው። «ላም» የምትለዋን ቃል ብቻ አስቀርቼ ሌላውን በወረቀት ሸፈንኩና «ይቺ ምን ትላለች?» አልኳት። ዝም አለች። ቀጥሎ ከገጹ መጀመሪያ ተነስታ በሹክሹክታ ማለት ጀመረች። ቃሏ ጋ ለመድረስ ሙሉውን ገጽ በቃሏ መውጣት ነበረባት።

ይህን የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች ክፍል ውስጥ ዝም ብለው የተቀመጡ አይመስለኝም፤ ከጓደኞቻቸው ጋር አብረው ሲሉ ነበር። የኅብረት ድምፅ ልጅ ይደብቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንድ ዓላማ አለው፤ ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ እያንዳንዱን ለብቻው ማየትና መስማት።

ልጆቹ ሳይመጡ

የምደባ ደብዳቤያችሁንና ማስረጃችሁን ለርዕሰ መምህሩ ካስረከባችሁ በኋላ በዚያው ቀን ጥቂት ነገር ጠይቁ። ትምህርቱ በሴልፍ ኮንቴይንድ ነው ወይስ በሊኒየር፣ ማለትም እያንዳንዱን ትምህርት የተለያየ መምህር በሚያስተምርበት መንገድ? ሴልፍ ኮንቴይንድ ከሆነ ሁሉንም የትምህርት ዓይነት የምታስተምሩት እናንተ ናችሁና ቀኑን እንደፈለጋችሁት ማደራጀት ትችላላችሁ። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ክፍሉን የሚጋራችሁን መምህር ቀድማችሁ ተዋወቁ፤ ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉት ነገር እንዳይቀደድ የሚጠብቅላችሁ እሱ ነው። የተማሪ መጽሐፍ ስንት እንደሚደርሳችሁ እወቁ። ለሦስት ልጅ አንድ መጽሐፍ ከሆነ አቀማመጡም በዚያ ልክ ይሆናል። የመምህር መምሪያውን ግን የግላችሁ አድርጋችሁ ውሰዱ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ቤታችሁ አንብቧቸው።

አማካሪ መምህር ይመደብላችኋል። የተመደበላችሁ ሰው ሥራ የሚበዛበት ከሆነ ግቢው ውስጥ አንደኛ ክፍልን ለብዙ ዓመት ያስተማሩትን እትዬ ፈልጉ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። «እትዬ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ቁጭ ብዬ ልይዎት?» ብትሉ እምቢ የሚል አላጋጠመኝም።

ክፍሉን ክፈቱና ዴስኩን ቁጠሩ። ከዚያ የኋላው ዴስክ ላይ ቁጭ ብላችሁ ሰሌዳውን እዩ፤ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን የሚያንጸባርቅበትን ቦታ የምታውቁት ያን ጊዜ ነው። ሰሌዳው ነጥቶ ከሆነ ትምህርት ሳይጀመር እንዲቀባ ጠይቁ።

ለፊደል ገበታ የማዳበሪያ ከረጢት የሚያህል ነገር የለም። ስፌቱን ፈትታችሁ አጥባችሁ አድርቁት፤ በፓርከር ጻፉበት። ወረቀት በወር ይቀደዳል፣ ከረጢቱ ግን ሦስትና አራት ዓመት ያገለግላል፤ ተጠቅልሎም ቤት ይገባል። ከካርቶን ደግሞ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ካርዶች ቁረጡ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ። ካርዱ ከገበታው የሚበልጥበትን ምክንያት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን

የሰባት ዓመት ልጅ ተብሎ የሚመዘገበው ሁሉ ሰባት ዓመቱ አይደለም። አንዱ ኬጂ ሦስት ዓመት ቆይቶ የመጣ ነው፣ ሌላው ከኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ካለው ማዘጋጃ)፣ ሌላው ከየኔታ ዘንድ ወይም ከቁርአን ቤት፣ ሌላው ደግሞ እርሳስ ይዞ የማያውቅ። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ ሲናገር አድጎ አማርኛን ገና የሚለምድም አለ። ለእሱ በቋንቋው «ና»፣ «ቁጭ በል»፣ «ጎበዝ» የሚለውን ከእናቱ ጠይቃችሁ ተማሩለት።

በር ላይ ቁሙ። ልጁ ከእናቱ እጅ ወደ እናንተ እጅ የሚተላለፈው እዚያ ነው። የሚያለቅስ አይጠፋም፤ እናትየውን «እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ አለሁ» በሏቸው። መስኮት ስር የቆመች እናት ለቅሶውን ታረዝመዋለች። ክፍል ከገቡ በኋላ የመጀመሪያው ትምህርት ፊደል አይሁን። መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ፣ የሴትና የወንዱ የትኛው እንደሆነ፣ ውኃው የት እንዳለ በቡድን በቡድን ወስዳችሁ አሳዩአቸው። ይህን ያልሠራሁበት ዓመት አንድ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ሽንቱን ይዞ ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን ዴስኩ ላይ አመለጠው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ትምህርት ቤት አልመጣም። የፈቃድ ምልክት ስጧቸው፣ ለምሳሌ አንድ ጣት ማንሳት። ጠረጴዛችሁ ውስጥ ደግሞ አንድ ትርፍ ሱሪ ይኑር። አደጋ ሲደርስ ሌላ ልጅ ሳያይ ይዛችሁ ወጥታችሁ ቀይሩለት።

ስምና አቀማመጥ

በመጀመሪያው ሳምንት የሁሉንም ስም ያዙ። ስም መጥሪያ እያያችሁ ብቻ አይያዝም። ስማቸውን ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ፊት ለፊታቸው ዴስኩ ላይ ይቁም፤ ለእናንተ ስም መያዣ፣ ለልጁ ደግሞ የመጀመሪያው የንባብ መጽሐፍ ነው። ክፍላችሁ ውስጥ ሦስት ሀናና አራት ዳዊት ካለ ከነአባታቸው ጥሯቸው። «ረጅሟ ሀና»፣ «ጥቁሯ ሀና» አትበሉ፤ ከአስተማሪ አፍ የወጣ ቅጽል ጓሮ ድረስ ይከተላታል።

የክፍል ተማሪ ልኩ 50 ነው ይባላል፤ እናንተ 65 ሊደርሳችሁ ይችላል። አቀማመጡን ለልጆቹ አትተዉት። ትንንሾቹን ከፊት አድርጉ። ዓይኑን የሚያጨናብስ፣ ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለብጥ፣ ሲጠሩት ቶሎ የማይዞር ልጅ ካለ ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት ከፊት አስቀምጡትና አንድ ሳምንት እዩት። በርካታ «ሰነፎች» ማየት ወይም መስማት የተቸገሩ ሆነው አግኝቻለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ረድፉን አዙሩ፤ እናንተም ከኋላ ሆናችሁ አስተምሩ። መምህር ከሰሌዳው ካልራቀ የኋላው ረድፍ የእሱ ተማሪ አይደለም።

ሁለት ሳምንት ለሥርዓት

አዲስ መምህር ሁሉ ምዕራፉን ለመጨረስ ይቸኩላል። አትቸኩሉ። የመስከረም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ልጆቹ ደብተር ማውጣትን፣ ማስገባትን፣ ተሰልፎ መግባትን፣ እጅ አውጥቶ መጠበቅን እንዲለምዱ ስጡ። ለስልሳ ልጅ ደብተር ማደል ብቻ ሥርዓት ከሌለው ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሩቡን ይበላል። የረድፉ የመጀመሪያ ልጅ ተቀብሎ ወደ ኋላ ያሳልፍ፤ ደጋግማችሁ አለማምዷቸው፣ እንደ ጨዋታ።

ጸጥታን በጩኸት አትፈልጉ። እናንተ ስትጮኹ እነሱም ከእናንተ በላይ ለመሰማት ይጮኻሉ፤ ጥቅምት ሳይገባም ድምፃችሁ ይዘጋል። አንድ ምልክት ምረጡ። እኔ ሁለት ጊዜ አጨበጭባለሁ፣ እነሱ ሦስት ጊዜ ይመልሳሉ፣ ከዚያ እጃቸው ዴስክ ላይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እናገራለሁ። ምልክቱን ሰጥታችሁ ጸጥ እስኪሉ ሳትጠብቁ መናገር ከጀመራችሁ ግን በሳምንት ውስጥ ይሞታል።

ስለ ልምጭ በግልጽ ልናገር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። «ሥጋው የእርስዎ፣ አጥንቱ የእኔ» የሚሉ ወላጆች ዛሬም ይመጣሉ፤ በአክብሮት እምቢ በሉ። ሕጉ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። እንዳይመታ የሚፈራ ልጅ የማያውቀውን አይናገርም፤ ከኅብረቱ ድምፅ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ያን ጊዜ ምን እንደጎደለው ማወቂያ መንገድ የላችሁም። የሚረብሸውን ልጅ ሥራ ስጡት፤ ሰሌዳ ያጥፋ፣ ቾክ ያምጣ፣ ደብተር ይሰብስብ። ካልሆነ ከጓደኛው አርቃችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት።

በቀን ስድስት ልጅ

የዚህ ጽሑፍ እምብርት እዚህ ጋ ነው።

አንድ ወረቀት አዘጋጁ። ላዩ ላይ አሥር ፊደል ተራውን ሳይጠብቅ ይጻፍ፦ መ፣ በ፣ አ፣ ለ፣ ተ፣ ከ፣ ሰ፣ ነ፣ ደ፣ ረ። ከሥሩ አምስት፦ ቡ፣ ላ፣ ሚ፣ ቤ፣ ት። ከሥሩ ሁለት ቃል፦ ላም፣ ቤት። ሌላው ክፍል ሥዕል ሲስል ወይም ሲገለብጥ በቀን ስድስት ልጅ ወደ ጠረጴዛችሁ ጥሩ። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ስልሳ ልጅ በአሥር የትምህርት ቀን ያልቃል። የመስቀል በዓል መሀል ይገባል፣ የሚቀሩም ይኖራሉ፤ ስለዚህ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ትጨርሳላችሁ።

በስሙ ትይዩ የምታስቀምጡት ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፤ ከአሥሩ ስንት፣ ከአምስቱ ስንት፣ ከሁለቱ ስንት። ልጁ ሲሳሳት አታርሙት፣ ፊታችሁም አይለወጥ። «ጎበዝ፣ ሂድ» ብቻ።

ውጤቱ ያስደነግጣችኋል። ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ሳይሳሳት የሚወጣው ልጅ «ተ» ብቻዋን ስትቀርብለት ይደናገራል፤ ዜማውን ነው የያዘው። ካርዱ ከገበታው ይበልጣል ያልኩት ለዚህ ነው። ገበታ ላይ ቦታው ይጠቁመዋል፣ ጎረቤቱ ይጠቁመዋል፤ ካርድ ላይ ግን ፊደሉ ብቻውን ነው። ከየኔታ ዘንድ የመጣውን ልጅ ዜማውን እንዲተው አታድርጉት፤ ቃል አያያዙ ሀብት ነው። እዚያም ቢሆን ፊደሉን በተራ ካስቆጠሩ በኋላ እየዘለሉ የሚጠይቁ ጥሩ የኔታዎች አሉ።

ቁጥሮቹን ስታዩ ክፍሉ በግምት ሦስት ይሆናል፤ ፊደል የማያውቁ፣ ፊደል የሚያውቁና ቃል የማይገጥሙ፣ የሚያነቡ። በቡድኑ አትጥሯቸው፣ አትለጥፉባቸውም። የሚያነበውን ከማያውቀው ጎን አስቀምጡ። በየቀኑ ደግሞ ሌላው ሲጽፍ ከመጀመሪያው ቡድን አምስቱን ይዛችሁ አሥር ደቂቃ ሥሩ። እኔ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ነው ታኅሣሥ ላይ ባዶ የሚቀሩት ልጆች በጣት የሚቆጠሩ የሆኑት።

ፊደልን ስታስተምሩ

ከድምፁ ጀምሩ። «በቀለ» በምን ይጀምራል? «በሬ»ስ? «ባቄላ»ስ? አፋቸውን እንዲመለከቱ አድርጉ፤ ከንፈራቸው ሲገጥም በጣታቸው ይንኩት። ፊደሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከስማቸው መነሳት ደግሞ ከማንኛውም ምሳሌ ይበልጣል፤ ልጅ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል አይረሳም።

ሁሉንም 33 ፊደል በሰባት አባዝታችሁ 231 ቅርጽ አድርጋችሁ አትጫኑባቸው። ቅርጹ ሕግ አለው፣ ሕጉን አሳዩአቸው። ካዕቡ ብዙ ጊዜ ቀኝ ጎኑ ላይ ጭረት ያወጣል፦ ሉ፣ ቡ፣ ሙ፣ ሱ። ሳልሱ ጭረቱን እግሩ ሥር ያደርጋል፦ ሊ፣ ቢ፣ ሲ። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፦ ሌ፣ ቤ፣ ቴ። ልጆች ይህን ራሳቸው ሲያገኙት ደስታቸው ልዩ ነው፤ እናንተ አትንገሯቸው፣ ሉንና ቡን አጠገብ ለአጠገብ ጽፋችሁ «ምን ይመሳሰላሉ?» በሉ። ሩና ፉ ከሕጉ ስለሚወጡ ለብቻ ይያዙ። የሚያስቸግረው ሳድስ ነው። ል፣ ም፣ ር፣ ት የየራሳቸው መልክ አላቸው፣ ድምፃቸውም ሲገጣጠም ይዋጣል። «ቤት»ን «ቤ፣ ትእ» ብሎ የሚያነብ ልጅ ፊደሎቹን ያውቃል፤ ማጋጠም ነው ያልቻለው። ሁለቱን ካርዶች አራርቃችሁ ያዙ፣ ቀስ እያላችሁ አቀራርቧቸው፣ እሱም አብሮ ድምፁን ያቀራርብ። ካርዶቹ ሲነካኩ «ቤት» ይላል። ይህችን ቅጽበት ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ልጁ ቀና ብሎ እናንተን ያያል።

ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ ላይ «ባርኔጣ ያደረገው» ብትሉ ይገባቸዋል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሰና ሠ ሲቀያየሩ ግን በዚህ ዕድሜ ኤክስ አታድርጉ፤ አንድ ዓይነት ይነበባሉ ብሎ መንገር ይበቃል። መጥበቅና መላላትም ፊደሉ ላይ አይታይም፤ «ገና» በዓሉና «ገና ነው» የሚባለው አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ስለዚህ ልጁ አላልቶ ካነበበው «ተሳስተሃል» አትበሉት፣ «ዓረፍተ ነገሩን እንደገና በለውና ትርጉም ይሰጣል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ጽሕፈት ከደብተር በፊት በአየር ላይና በአፈር ላይ ይለመድ። ግራኝ የሆነውን ልጅ ቀኝ እጁን እንዲጠቀም አታስገድዱ፤ ከዴስኩ በግራ ጫፍ አስቀምጡት፣ ክንዱ ከጎረቤቱ ጋር አይጋጭም። ደብተር ስታርሙ በጅምላ «ታይቷል» ብላችሁ አትለፉ። ሁሉን በየቀኑ ማረም አትችሉም፤ አንድ ረድፍ በቀን፣ ግን በደንብ።

ስለ ሒሳብ በአጭሩ

ለመቁጠሪያ ቆርኪ ሰብስቡ። ከሻይ ቤትና ከግሮሰሪ በላስቲክ ሙሉ ይሰጧችኋል። አሥራ ሦስትን 103 ብሎ የሚጽፍ ልጅ በየዓመቱ አለ፤ የሰማውን ነው የጻፈው፣ አሥርና ሦስት። አሥር ስንጥር በክር አስራችሁ ሦስት ነጠላ አጠገቡ አስቀምጡ፤ «የታሰረው ስንት ነው? አንድ። ነጠላውስ?» እያላችሁ ከሥሩ 1 እና 3 ያስቀምጥ። ጣት መቁጠርን አትከልክሉ።

ወረቀቱ

የዓመት ዕቅድ፣ የዕለት ዕቅድ፣ ስም መጥሪያ፣ ማርክ ሊስት፣ በኋላም ሮስተር (የክፍሉ ውጤት ማጠቃለያ ሠንጠረዥ) ይጠየቃል። የዕለት ዕቅዱን እሑድ ማታ ለሳምንቱ ጻፉት፤ ለማስፈረም ብቻ ከሌላ መምህር አትገልብጡ፣ ክፍላችሁን አያውቀውም። ለተከታታይ ምዘና የሚሆን ነጥብ የምታገኙት በቀን ስድስት ልጅ እየጠራችሁ ከያዛችሁት ዝርዝር ነው፤ በየወሩ ከደገማችሁት ተጨማሪ ሥራ አይሆንባችሁም። ማርክ ስታስገቡ የልጁ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ምዝገባው ላይ እንዳለ ይሁን፤ በአንድ ፊደል የተነሳ ከዓመታት በኋላ ማስረጃው ላይ የሚቸገረው እሱ ነው።

ወላጆች

ወላጅን ጥፋት ሲኖር ብቻ አትጥሩ። ጥቅምት ላይ የእያንዳንዱን ልጅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ በር ላይ አግኝታችሁ አንድ ጥሩ ነገር ተናገሩ። «እማማ፣ ልጅዎ ዛሬ ስሙን ጻፈ» የተባሉ አያት በሚቀጥለው ቀን ልጁን አጥበው፣ ደብተሩን በላስቲክ ሸፍነው ይልኩታል። በኋላ ችግር ስትናገሩም ይሰሟችኋል። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች «እኔ ምን ልረዳው?» ይላሉ። የምትመልሱት አለ፤ ማታ ማታ መጽሐፉን በጣቱ እየነካ ያንብብልዎት፣ ጣቱ ከአፉ ጋር እኩል መሄዱን ብቻ ይዩ። ይህን ለማየት ፊደል ማወቅ አያስፈልግም።

የሚቀር ልጅ ካለ በሦስተኛው ቀን ጠይቁ። ገጠር ከሆናችሁ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ስለሆነ ክፍሉ ይሳሳል፤ በዚያ ሰሞን አዲስ ፊደል አትጀምሩ፣ የተማሩትን ከልሱ። የራበው ልጅ ደግሞ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስኩ ላይ ይተኛል። ምገባ ያለበት ትምህርት ቤት ከሆነ መመዝገቡን አረጋግጡ፤ ከሌለ ለርዕሰ መምህሩና ለወላጅ መምህር ኅብረቱ በስሙ ንገሩ፣ ልጆቹ ፊት ግን አታንሱት።

ጥር ላይ

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ካለቀ በኋላ፣ ከዕረፍቱ በፊት፣ ያቺን የመስከረም ወረቀት አውጡ። እነዚያኑ አሥር ፊደል፣ እነዚያኑ አምስት፣ እነዚያኑ ሁለት ቃል። አሁንም በቀን ስድስት ልጅ። አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው ጎን ጻፉት፤ ሁለቱን ቃል ላነበቡት ደግሞ መጽሐፋቸው ውስጥ የሌለ ሌላ ዓረፍተ ነገር ጨምሩላቸው፣ በቃላቸው የያዙት እንዳይሆን። ቁጥራቸው ያልተንቀሳቀሰውን የልጆቹን ስም ለብቻ አውጡና የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት የመጀመሪያ ሰኞ የአሥር ደቂቃውን ሥራ ከእነሱ ጋር ጀምሩ፣ ከ«በ» እና ከስማቸው።